የኤሴክስ የምርጫ ወረዳና የድምፅ ዋጋ

የምርጫ ወረዳ ሲባል ብዙዎቻችን በካርታ ላይ የተሠመረ መሥመር ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን መሥመሩ በየት በኩል እንዲያልፍ የሚወስን ሰው፥ ሕዝቡ ድምፁን ከመስጠቱ በፊት የምርጫውን ውጤት ሊወስን ይችላል። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ አምና በራሴ ላይ የደረሰ ፈተና ስለ ሆነ፥ እርሱን በመጨረሻ አወሳለሁ። አስቀድሜ ግን ለዚህ ዓይነቱ ተንኰል ስም ያተረፈለትን ወረዳ ታሪክ በአጭሩ እገልጻለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወረዳው የነበረው በአሜሪካ፥ በማሳቹሴትስ ግዛት፥ ከቦስተን በስተ ሰሜን ባለው በኤሴክስ አውራጃ ነው። በ1780 በወጣው የግዛቱ ሕገ መንግሥት መሠረት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱ መቀመጫዎች ለየወረዳው የሚደለደሉት በሕዝቡ ብዛት ሳይሆን ወረዳው በሚከፍለው ግብር መጠን ነበር። ኤሴክስ አንድ ወረዳ በነበረ ጊዜ የላካቸው አምስት እንደራሴዎች የፌዴራሊስት ፓርቲ ሰዎች ነበሩ።

በ1812 ግን በምክር ቤቱ ብልጫ ያገኘው ተቃራኒው የዴሞክራቲክ ሪፐብሊካን ፓርቲ አውራጃውን ለሁለት የሚከፍል ሕግ አወጣ። አገረ ገዥው ኤልብሪጅ ጌሪም የካቲት ወር ላይ ፈረመበት። ጌሪ ተራ ሰው አልነበረም፤ በ1776 የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ ከፈረሙት አንዱ ነው። አዲሱ ወረዳ በደቡብ ከቼልሲ ተነሥቶ በሊንና በሴለም በኩል ካለፈ በኋላ፥ በአንዶቨርና በሄቨርሂል ዞሮ እስከ ሶልስበሪ ድረስ እንደ እባብ ተጠማዘዘ። በመካከል የቀሩት ከተሞች ሌላ ወረዳ ሆኑ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርጫ ከአምስቱ የኤሴክስ መቀመጫዎች ሦስቱ ለዴሞክራቲክ ሪፐብሊካኖች፥ ሁለቱ ለፌዴራሊስቶች ደረሱ።

መጋቢት 26 ቀን 1812 አንድ የቦስተን ጋዜጣ በወረዳው ካርታ ላይ ክንፍ፥ ጥፍርና ራስ ተጨምሮበት እንደ አውሬ የተሣለ ሥዕል አወጣ። ሳላማንደር የሚባለውን እንሽላሊት መሳይ ፍጥረት ስምና የአገረ ገዥውን ስም በማጋጠምም «ጄሪማንደር» አለው። ቃሉ እስከ ዛሬ ወረዳን ለጥቅም ሲሉ አጣሞ መከለል ማለት ነው።

በመላው ግዛት የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ፌዴራሊስቶች 51,766 ድምፅ አግኝተው ከ40 መቀመጫ 11 ብቻ ሲደርሳቸው፥ ተቃዋሚዎቻቸው በ50,164 ድምፅ 29 መቀመጫ ወሰዱ። ነገር ግን የአገረ ገዥነቱ ምርጫ በወረዳ ሳይከፈል በግዛቱ ሕዝብ ሁሉ ድምፅ የሚካሄድ ስለ ነበር፥ ጌሪ ራሱ በዚያው ዓመት ተሸነፈ። በ1813 ሕጉ ተሻረ፤ ስሙ ግን ሳይሻር ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። በ1964 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የየግዛቱ ምክር ቤት ወረዳዎች በሕዝብ ብዛት እንዲመጣጠኑ ፈረደ። ሆኖም የሕዝቡ ቍጥር እኩል ቢሆንም መሥመሩን ማጣመም አይከለከልም። ይኸው ፍርድ ቤት በ2019 ለፓርቲ ጥቅም የሚደረገውን አከላለል የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሊዳኙት አይችሉም ብሏል።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። አምና የተማሪዎች ማኅበር ምርጫ ሲደረግ፥ ዘጠኙ የ11ኛ ክፍል ምድቦች ሦስት ሦስት እየሆኑ በአንድነት አንድ አንድ ተወካይ እንዲመርጡ ተወሰነ። ምድቦቹን እንድናጣምር ከተመረጥነው ሦስት ልጆች አንዱ እኔ ነበርኩ። የማኅበሩ ገንዘብ ለመጻሕፍት ይዋል የሚሉት አራት ምድቦች ሲሆኑ፥ ለኳስ መለያ ይዋል የሚሉት አምስት ነበሩ። እኔ ከመጻሕፍቱ ወገን ነበርኩ።

ማታ እርሳስ አንሥቼ ሞከርኩ። ሦስቱን የኳስ ምድቦች በአንድ ላይ አጐርኋቸው። የቀሩትን ሁለቱን ደግሞ ለያይቼ እያንዳንዳቸውን ከሁለት የመጻሕፍት ምድቦች ጋር ደባለቅሁ። በዚህ ዓይነት አራቱ አምስቱን ረትተው ሁለት ተወካይ ያገኛሉ! ዓላማዬ በጎ ስለ መሰለኝ ምንም አላፈርሁም። በማግሥቱ ግን በቤተ መጻሕፍት ስለ ኤሴክስ ሳነብብ የዚያን አውሬ ሥዕል አየሁና የራሴን ወረቀት አስታወሰኝ። ለካ እነዚያም ሰዎች ዓላማቸው በጎ መስሏቸው ይሆናል።

ወረቀቱን ቀድጄ፥ ለጓደኞቼ ዕጣ እንድንጥል ሐሳብ አቀረብሁ፤ እነርሱም ተስማሙ። ወገኖቼ ተሸነፉ፤ አንድ ተወካይ ብቻ አገኘን። ሁለት ቀን ያህል ያኰረፉኝ ልጆች ነበሩ። ይሁን እንጂ የተመረጡት ልጆች ስለ መጻሕፍቱ ያቀረብነውን ልመና ሰምተው ከገንዘቡ ጥቂት ከፈሉልን፤ ብናታልላቸው ኖሮ በምን ዓይናችን እንለምናቸው ነበር?

በአገራችን ሕግ 18 ዓመት የሞላው ሰው መራጭ ነው፤ ብዙዎቻችንም እዚያ ደርሰናል። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ «ማንን ልምረጥ?» ብለን ስንጠይቅ፥ «መሥመሩን ማን አሠመረው? እንዴትስ አሠመረው?» ብለንም እንጠይቅ። ዳኛው ሲያዳላ የሚቈጣ ሁሉ፥ ሜዳው ሲዘነበልም ሊቈጣ ይገባዋልና፤ ሜዳው የተዘነበለው ለራሱ ወገን ቢሆንም እንኳ።