የታሰረና የተሰበረ ብሎን እንዴት ይወጣል?

ሞተር ሳይክል ለአንዳንዱ ሰው መጓጓዣ፣ ለሌላው ደግሞ የእንጀራ ገመድ ነው። ከእንፍራንዝ ወደ ጎንደርም ሆነ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው አስፋልት፣ ከአስፋልቱም ወጥተው ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሚዘልቁት የጭቃና የአቧራ መንገዶች ላይ የሚሠራ ሞተር ሳይክል ሥራ የሚፈታው ሁልጊዜ በትልቅ ብልሽት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚያቆመው አንድ አልፈታ ያለ ብሎን ነው። ቀላል ጥገና ይጀመራል፤ ብሎኑ እንቢ ይላል፤ በጉልበት ሲገፉት አናቱ ይሟልጣል፣ ወይም ከአንገቱ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ በጥቂት ብር በሚገዛ ብሎን ምክንያት ውድ የሆነው የሞተሩ አካል ይበላሻል።

በዚህ ጽሑፋችን ብሎን ለምን እንደሚታሰር፣ ሳይሰበር እንዴት እንደሚላቀቅና ከተሰበረም በምን ሥርዓት እንደሚወጣ እናብራራለን። ይህን የምንጽፈው ለጋራዥ ባለሙያ ብቻ አይደለም። ልጁን ሙያ እንዲለምድ ወደ ጋራዥ የላከ ቤተሰብ፣ አባቱ ትቶለት ባለፈው ሞተር ሳይክል ታናናሾቹን የሚያስተዳድር ወጣት፣ እንዲሁም ለእንዲህ ዓይነቱ ወጣት የሥራ መሣሪያ ለመግዛት የሚያስብ ለጋሽ ሁሉ ቢያውቀው ይጠቅመዋል እንላለን።

ብሎን ለምን ይታሰራል?

በጋራዥ ቤት የምንሰማቸው ብሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴና ትራፓኖ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ብሎን ጥርስ ያለው ማሰሪያ ሲሆን፣ ዳዶ ብሎኑ የሚገባበት ፍሬ ነው። በሞተር ሳይክል ላይ ግን አብዛኞቹ የሞተር ክዳን ብሎኖች ዳዶ የላቸውም፤ ጥርሱ የተቆረጠው በራሱ በሞተሩ አካል ውስጥ ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ብሎኑ ብረት ነው፤ የሞተሩ አካል ደግሞ አሉሚኒየም ነው። ሁለት የተለያዩ ማዕድናት ተነካክተው በመካከላቸው እርጥበት ሲገባ፣ ደካማው ማዕድን ማለትም አሉሚኒየሙ ቀስ በቀስ ይበላል። ከመበላቱ የሚወጣው ነጭ ዱቄትም በጥርሶቹ መካከል አብጦ ብሎኑን ጠፍሮ ይይዘዋል። የክረምት ዝናብና ጭቃ ይህን ያፋጥነዋል። በማርሚታው አካባቢ ያሉት ብሎኖች ደግሞ በየቀኑ እየጋሉና እየቀዘቀዙ ስለሚኖሩ ከሌሎቹ ይበልጥ ይዝጋሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ከመጠን በላይ ማጥበቅ ነው። ሦስተኛው የማይስማማ መፍቻ መጠቀም ነው። በተለይ አናታቸው ባለ አራት ጫፍ የሆኑ፣ በኮከብ ካቻቢቴ የሚፈቱ ብሎኖች በዚህ ይጎዳሉ። በዓለም የተለመደው የኮከብ ቅርጽ አሜሪካዊው ሄንሪ ፊሊፕስ በ1936 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያገኘበት ነው። የጃፓን ፋብሪካዎች ለረጅም ዘመን የተጠቀሙበት ቅርጽ ግን ለዓይን ቢመሳሰልም በልኩ ይለያል። ብዙውን ጊዜ በአናቱ ላይ በምትታይ ትንሽ ነጥብ ይታወቃል። ተራው ካቻቢቴ በጃፓን ብሎን ውስጥ እስከ ወለሉ አይገባም፤ ሲያዞሩትም እየተንሸራተተ ጫፎቹን ይልጣል። በአሮጌ የጃፓን ሞተር ሳይክሎች ላይ የምናየው የሟለጠ ብሎን ብዛት አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው።

ሳይሰበር ማላቀቅ

ከሁሉ በፊት ሊታወቅ የሚገባው፣ እያንዳንዱ የኃይል እርምጃ ቀጣዩን መፍትሔ የሚያጠብ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሥራው ከለስላሳው ተነሥቶ ወደ ከባዱ በቅደም ተከተል መሄድ አለበት።

አንደኛ፣ ማጽዳት ነው። የብሎኑ አናት በሽቦ ብሩሽ፣ ጉድጓዱም በሹል ነገር ተጠርጎ ጭቃው ይወጣል። ጭቃ በሞላበት ጉድጓድ ውስጥ የገባ ካቻቢቴ በግማሹ ብቻ ነው የሚይዘው።

ሁለተኛ፣ ማራስ ነው። የዝገት ማላቀቂያ ፈሳሽ በብሎኑ ዙሪያ ጠብ ተደርጎ ጊዜ ይሰጠዋል። አምስት ደቂቃ ጠብቆ መታገል ፈሳሹን ማባከን ነው፤ ማታ አርሶ፣ ደግሞ ጨምሮ፣ በማግስቱ መሞከር ይሻላል። ማላቀቂያው ከሌለ ናፍጣም ይረዳል፤ ነገር ግን የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ሦስተኛ፣ መምታት ነው። በልኩ የሆነ ካቻቢቴ በብሎኑ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ በመዶሻ ጥቂት ጊዜ ጠንከር ተደርጎ ሲመታ፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ዝገት ይሰነጣጠቃል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ፣ በመዶሻ ሲመታ በራሱ ወደ መፍቻው አቅጣጫ የሚዞር ካቻቢቴ አለ። ምቱ ወደ ታች ስለሚገፋው አይንሸራተትም። ለሞተር ክዳን ብሎኖች ከዚህ የሚሻል መሣሪያ የለም ማለት ይቻላል። በቀጭን ክዳን ላይ ግን ከልክ ያለፈ ምት አሉሚኒየሙን ሊሰነጥቅ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

አራተኛ፣ ማሞቅ ነው። አሉሚኒየም በእኩል ሙቀት ከብረት በእጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ስለዚህ በብሎኑ ዙሪያ ያለው አካል ሲሞቅ ቀዳዳው ይሰፋና ብሎኑ ይላላል። ነገር ግን አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ከመቅለጡ በፊትም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም። ስለሆነም ነበልባሉን በአንድ ቦታ አቁሞ መተው አይገባም። ከማሞቅ በፊት የተቀባው ፈሳሽ ሁሉ ይጠረጋል፤ የቤንዚን ታንከሩም ወርዶ ይርቃል። የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተስቦ ከሩቅ እሳት ሊያገኝ ይችላልና።

አምስተኛ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማወዛወዝ ነው። ብሎኑ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ በኋላ በአንድ ትንፋሽ ለማውጣት መቸኮል ስህተት ነው። ሩብ ዙር ፈትቶ፣ መልሶ ጥቂት አጥብቆ፣ ፈሳሽ ጨምሮ ደግሞ መፍታት ይገባል። ብዙ ብሎን የሚቆረጠው መላቀቅ ከጀመረ በኋላ በሚደረግ ችኮላ ነው።

ብሎኑ ከተሰበረ በኋላ

አናቱ ተቆርጦ ክዳኑ ከወጣ፣ መጀመሪያ የተረፈው ጉቶ ይታይ። ጉቶው ከወለሉ በላይ ከቀረ ነገሩ ቀላል ነው። ብሎኑን የወጠረው ክዳን ስለወጣ ውጥረቱ ቀንሷል፤ ተርሶና ሞቆ በሚቆለፍ ፒንሳ ሲያዝ ብዙ ጊዜ ይዞራል። ጉቶው አጭር ከሆነ ዳዶ አልብሶ በቀዳዳው በኩል መበየድ ይቻላል። የብየዳው ሙቀት ራሱ ብሎኑን ያላላዋል፤ ዳዶውም ለመፍቻ መያዣ ይሆናል። ከብየዳ በፊት ግን የባትሪው ገመድ ይፈታ፤ አለዚያ የኤሌክትሪክ ክፍሎቹ ሊቃጠሉ ይችላሉ።

ጉቶው ከወለሉ እኩል ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በትራፓኖ መብሳት ግድ ይሆናል። የዚህ ሥራ ዕጣ የሚወሰነው በመጀመሪያዋ ነጥብ ነው። የብሎኑ መሐል በሹል መምቻ በትክክል ካልተመታ ፑንታው ከጠንካራው ብረት ወደ ለስላሳው አሉሚኒየም ይንሸራተትና ጥርሱን ያጠፋዋል። ቀዳዳው በቀጭን ፑንታ ተጀምሮ፣ በዝግታ፣ ዘይት እየጠጣ ቀጥ ብሎ ይበሳል። በግራ የሚዞር ፑንታ ከተገኘ እጅግ መልካም ነው፤ እየበሳ ሳለ ብሎኑን ይዞት ሊወጣ ይችላልና።

በገበያ የሚሸጠው ጠመዝማዛ የብሎን ማውጫ በተበሳው ቀዳዳ ገብቶ በግራ ይዞራል። ይህ መሣሪያ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብረቱ በጣም የጠነከረ ስለሆነ ሲበዛበት አይታጠፍም፤ ይሰበራል። በውስጥ ከተሰበረም ተራ ፑንታ አይቆርጠውም። እንግዲህ ጤነኛው ብሎን በሙሉ አካሉና በጤነኛ አናቱ ያልዞረውን፣ ከእርሱ የቀጠነ ማውጫ በጉልበት እንዲያዞረው መጠበቅ አይገባም። ማውጫው ከመግባቱ በፊት ማራሱና ማሞቁ ይደገም። መሣሪያው ሲጨነቅ እጅ ላይ ይታወቃል፤ ያን ጊዜ ማቆምና ወደ ቶርኖ ቤት መውሰድ ከወጪ ያድናል።

ይህ ሁሉ ካልሆነ ብሎኑ ሙሉ በሙሉ ተበስቶ ጥርሱ በአዲስ ይቆረጣል። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን ጥርሱ ርቀቱ 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቀዳዳው 5 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን ርቀቱ 1.25 ከሆነ ቀዳዳው 6.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የቀድሞው ጥርስ ጨርሶ ከጠፋ ቀዳዳው ሰፍቶ ከሽቦ የተጠቀለለ አዲስ ጥርስ ይገባበታል። በትክክል ከተሠራ ከመጀመሪያው የአሉሚኒየም ጥርስ የማያንስ ጥንካሬ አለው። ስለዚህ ባለሞተሩ «አካሉ ካልተቀየረ አይሆንም» ሲባል፣ ይህ መንገድ መሞከሩን አስቀድሞ መጠየቅ መብቱ ነው።

ዳግም እንዳይታሰር

ብሎኑ ሲመለስ ጥርሱ ተጠርጎ ጥቂት ግራሶ ወይም ለዚሁ የተዘጋጀ ቅባት ይቀባ። በመጀመሪያም በመፍቻ ሳይሆን በጣት ይግባ። ለባለ 6 ሚሊ ሜትር የክዳን ብሎን የተለመደው የማጥበቂያ ኃይል 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ይህም ርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ መፍቻ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። ጥርሱ ከተቀባ ከዚህም ትንሽ መቀነስ ይገባል። በረጅም መፍቻ ላይ ሙሉ ክንድን መጣል የሚቀጥለውን ስብራት ዛሬ ማዘጋጀት ነው።

ለወላጆችና ለለጋሾች

በጋራዥ ለጀማሪ ልጅ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚሰጠው ሥራ ብሎን መፍታት ነው። የሚጎዳውም በዚሁ ሥራ ነው። ከመዶሻና ከትራፓኖ የሚፈናጠር የብረት ስባሪ ዓይንን ለዘለቄታው ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ለሠልጣኝ ወጣት መሣሪያ ለመግዛት ያሰበ ሰው ከዓይን መከላከያ መነጽር ይጀምር። ቀጥሎ በልኩ የሆኑ ጥሩ ካቻቢቴዎች፣ በመዶሻ ሲመታ የሚዞረው ካቻቢቴና የዝገት ማላቀቂያ ይከተሉ። የብሎን ማውጫውና ማሞቂያው ልጁ እጁ ሲፈታ የሚደርሱ ናቸው። ርካሽና ለስላሳ ካቻቢቴ መስጠት ግን ልጁ የሰው ንብረት አበላሽቶ እንዲወቀስ ማድረግ ነው።

ከመሣሪያው ጋር አብሮ የሚሰጠው ምክርም አንድ ነው፦ ብሎኑ እንቢ ሲል ጉልበት ከመጨመር በፊት ጊዜ ጨምርለት። ማታ አርሶ ጠዋት የሚፈታ ወጣት፣ በአላህ ፈቃድ፣ ደንበኛ የሚያምነው ባለሙያ ይሆናል።