የዳርትመዝ ጉባኤ

የዳርትመዝ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1956 (1948 ዓ.ም.) በአሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር ግዛት፣ በሃኖቨር ከተማ በሚገኘው ዳርትመዝ ኮሌጅ የተካሄደ ኢ-መደበኛ የምርምር ስብሰባ ነው። «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚባለው የጥናት ዘርፍ ስሙን ያገኘው ለዚህ ስብሰባ ገንዘብ ለመጠየቅ ከተጻፈው ማመልከቻ ነው። ስብሰባው ጥናቶች በተራ የሚቀርቡበት መደበኛ ጉባኤ ሳይሆን ሳምንታት የወሰደ ውይይት ነበር።

መነሻ

የሐሳቡ አመንጪ በዳርትመዝ የሒሳብ መምህር የነበረው ጆን ማካርቲ ነው። ማካርቲ ቀደም ሲል ከክሎድ ሻነን ጋር ስለ አውቶማታ የጥናቶች ስብስብ ሲያዘጋጅ፣ ከተላኩት ጽሑፎች ስለሚያስብ ማሽን የሚናገሩት ጥቂት ሆነው አገኛቸው። ስለዚህ ለአዲሱ ስብሰባ ዓላማውን በግልጽ የሚያሳይ ስም መረጠ።

ዕቅድና በጀት

ማመልከቻው የተጻፈው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 31 ቀን 1955 ነው። አቅራቢዎቹ አራት ነበሩ፦ ማካርቲ፣ ማርቪን ሚንስኪ ከሃርቫርድ፣ ናታንኤል ሮቸስተር ከአይ.ቢ.ኤም. እና ሻነን ከቤል ላቦራቶሪዎች። ዕቅዱ 10 ሰዎች ዩኒቨርሲቲዎች በሚዘጉበት ወቅት ለ2 ወር አብረው እንዲሠሩ ነበር። መነሻ ግምታቸው ማንኛውም የመማርና የማሰብ ችሎታ በትክክል ከተገለጸ ማሽን ሊያስመስለው ይችላል የሚል ነው። ለውይይት የቋንቋ አጠቃቀምን፣ የነርቭ መረቦችን፣ ራስን ማሻሻልንና ፈጠራን ጨምሮ 7 ርዕሶችን ዘረዘሩ።

ከሮክፌለር ፋውንዴሽን የተጠየቀው 13,500 ዶላር ነበር። በዚህም መሥሪያ ቤቱ ለማይከፍልለት ተመራማሪ 1,200 ዶላር፣ ለድኅረ ምረቃ ተማሪ 700 ዶላር፣ በተጨማሪም የጉዞ፣ የቤት ኪራይና የጸሐፊ ወጪ ተይዟል። ፋውንዴሽኑ የፈቀደው ግን 7,500 ዶላር ብቻ ነው።

አካሄድ

ስብሰባው የተካሄደው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ተሳታፊዎቹ የሚገናኙት በአብዛኛው በሒሳብ ትምህርት ክፍል የላይኛው ፎቅ ነበር። አንዳንድ ቀን አንድ ሰው ሥራውን አቅርቦ ውይይቱን ይመራል፤ ሌላ ቀን ሁሉም እንዳመጣለት ይወያያል።

ይሁን እንጂ ተጋባዦቹ በአንድ ጊዜ አልተገኙም። አንዳንዱ ለጥቂት ቀናት፣ ሌላው ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት መጥቶ ይመለስ ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የቆዩት ማካርቲ፣ ሚንስኪና ሬይ ሶሎሞኖፍ ናቸው። ማካርቲ በኋላ እንደገለጸው፣ የገንዘቡ ማነስና ሰዎቹ በተለያየ ጊዜ መምጣታቸው ያሰበውን የጋራ ሥራ አሰናክሏል። እያንዳንዱም የራሱን የምርምር አጀንዳ ይዞ መምጣቱ ሌላው ችግር ነበር።

ውጤት

ከስብሰባው የጋራ የማጠቃለያ ዘገባ አልወጣም። ሆኖም በአካል መገናኘቱ ራሱ ፍሬ አፍርቷል። አለን ኑዌልና ኸርበርት ሳይመን ከክሊፍ ሾው ጋር የሠሩትን፣ የሒሳባዊ ሎጂክ ቲዎረሞችን የሚያረጋግጥ «ሎጂክ ቲዎሪስት» የተባለ ፕሮግራም ይዘው መጡ። ፕሮግራሙ የተጻፈበት ቋንቋ መረጃን በዝርዝር መልክ የሚያቀናብር ነበር። ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1958 መሥራት የጀመረው ሊስፕ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ መነሻ ሐሳቡ ይህን ገለጻ ሲሰማ እንደመጣለት ጽፏል። ሶሎሞኖፍም ማሽን ከምሳሌዎች ተነሥቶ እንዴት ሊማር እንደሚችል የጻፈውን ጥናት በዚያው ለተሳታፊዎች አዳርሷል።

ስለዚህ ጉባኤው በዕቅዱ መሠረት ሲለካ ያልተሳካ፣ ባስተዋወቃቸው ሰዎችና ባጸናው ስም ሲለካ ግን የአንድ ዘርፍ መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2006 50ኛ ዓመቱ እዚያው ዳርትመዝ ሲከበር ከቀድሞዎቹ ተሳታፊዎች አምስቱ ተገኝተዋል፦ ማካርቲ፣ ሚንስኪ፣ ሶሎሞኖፍ፣ ኦሊቨር ሴልፍሪጅና ትሬንቻርድ ሞር።