የዕውቀት መካፈል በጎንደር

ዕውቀት ከገንዘብ የሚለይበት ዋናው ነገር ለሰጪው የማይጎድልበት መሆኑ ነው። ይህም በጎንደር ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። አቋቋም ለመማር ወደ ጎንደር በአታ የሚመጣው ደቀ መዝሙር «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በለመነው ቍራሽ ቢኖርም፣ ከመሪጌታው የተቀበለውን ለብቻው ይዞ አይቀመጥም፤ ለጀማሪው ያስጠናል፤ ሲያስጠናም ለራሱ ይጸናለታል። ከማን እንደ ተማረ ሲጠየቅም የመምህሩን ስም ይጠራል።

በዚያችው ከተማ በ1947 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተመሠረተ፤ እርሱም ኋላ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በመጀመሪያ ሥራው የጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን አስተባብሮ ወደ ገጠር ይልክ ስለ ነበር፣ አንዱ የሌላውን ዕውቀት ሳይካፈል ሥራው አይፈጸምም ነበር።

ዛሬ የተማሪዎቹ መገናኛ የእጅ ስልክ ሆኗል። በቴሌግራም እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይላካል፤ በአንድ ቡድንም እስከ 200,000 ሰው ሊሰበሰብ ይችላል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች በተዘጉ ጊዜ ብዙ መምህራን ትምህርታቸውን በዚሁ መንገድ ላኩ። ነገር ግን መንገዱ ስለ ሰፋ ብቻ ዕውቀት ተካፈለ አይባልም።

እንቅፋቱም አራት ነው። አንደኛው ዕፍረት ነው፤ ተማሪው በብዙ ሰው ፊት ተሳስቶ እንዳይሳቅበት ፈርቶ ጥያቄውን በሆዱ ይዞ ይቀራል። ሁለተኛው የባለቤቱ ስም መጥፋት ነው፤ መምህሩ ደክሞ ያዘጋጀው ጽሑፍ ስሙ ተፍቆ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ባየ ጊዜ ሌላውን ይሸሽጋል። ሦስተኛው የዋጋ ማጣት ነው፤ ለማዕርግ ዕድገት በይበልጥ የሚቈጠረው የታተመ ጥናት ስለ ሆነ፣ ሌሊት ተቀምጦ ለተማሪ ጥያቄ የሚመልሰው መምህር ድካሙ አይታይለትም። አራተኛው የመስመሩ ነገር ነው፤ የጃናሞራና የበየዳ ልጅ በዕረፍት ወደ ደጋው ሲመለስ መብራትም አውታርም ያጣል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜም፣ ትምህርቱን ከቴሌግራም ብቻ ይጠብቅ የነበረው ተማሪ ባዶ እጁን ቀረ።

እንግዲህ መድኃኒቱ ከአሮጌው ጉባኤ ቤት የራቀ አይደለም። የሚላከው ጽሑፍ ሁሉ የደራሲው ስምና የተጻፈበት ቀን ይኑረው፤ የበሰለው ተማሪ ጀማሪውን ሳይሳለቅ ይምራው፤ ስሕተት የተገኘበትንም ጽሑፍ መምህሩ በግልጽ ያርመው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ያካፈለውን መምህር በማዕርግ ያስበው፤ ከትምህርቱም አንድ ቅጂ በቤተ መጻሕፍቱ ያኑር። መስመሩ በእጃቸው ያለ ሹማምንትም መስመር ሲዘጋ ከወሬው ጋራ ትምህርቱ አብሮ እንደሚዘጋ ሊያስቡ ይገባል።

መክሊቱን የቀበረው ሰው የተወቀሰው ስለ ሰረቀ አይደለም፤ ስለ ደበቀ ነው። በስልክ ውስጥ ተቈልፎ የቀረ ዕውቀትም በመሬት ከተቀበረው መክሊት አይሻልም።