ዐሥር ኳስ ለአንድ ሰው

ቡራዩ ተማሪ ሳለሁ የመረብ ኳስ መረባችን ገመድ ነበር፤ በሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚ መካከል የተወጠረ፣ መሐሉ የረገበ ገመድ። ስድስት ስድስት ሆነን ስንጫወት አንድ የክፍላችን ልጅ ሁልጊዜ ቦዩ ዳር ይቆማል። ትምህርት ቶሎ አይገባውም፤ ሲያናግሩትም ቆይቶ ነው የሚመልሰው። እኛ የሰጠነው ሥራ ኳስ ማምጣት ነበር። ኳሷ ቦይ በገባች ቁጥር ወርዶ ያወጣታል፣ በሱሪው ይጠርጋታል፣ ከዚያ በሁለት እጁ ከጉልበቱ ሥር አንስቶ ወደ ላይ ይልካታል። ኳሷም ሄዳ የሚለጋው ልጅ እጅ ላይ ታርፋለች። በየዕለቱ፣ ሳትስት። አንድም ቀን "ና፣ አንተም ለጋ" ያለው ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩትም።

ያንን ልጅ ከብዙ ዓመት በኋላ ያስታወሰኝ የስፔሻል ኦሎምፒክስ የመረብ ኳስ ደንብ ነው። እዚያ ውስጥ "የግል ክህሎት ውድድር" የሚባል ክፍል አለ። ቡድንም ተጋጣሚም የለበትም። አንድ ስፖርተኛ ብቻውን ሜዳ ይገባል፣ ሦስት ፈተና ይፈተናል፣ በእያንዳንዱ ፈተና ዐሥር ኳስ ይደርሰዋል። እንደ እኛ ሜዳ ቢሆን ኖሮ ኳሷን ጉልበተኞቹ እርስ በርስ ሲቀባበሏት የእረፍቱ ሰዓት ያልቅ ነበር። እዚህ ግን ዐሥሩም የእሱ ናቸው።

ወደ ፈተናዎቹ ከመግባቴ በፊት ስም ላጥራ። በእኛ አካባቢ ሰበታ ሲነሳ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ነው፤ ስለዚህ በዚያ አካባቢ ስለ አካል ጉዳተኞች ስፖርት ከተወራ ሐሳብ ወዲያው ወደ ፓራሊምፒክ ይሄዳል። ፓራሊምፒክ ትዕግስት ገዛኸኝ በቶኪዮ በ1,500 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ወርቅ ያመጣችበት፣ በፓሪስም የደገመችበት መድረክ ነው። መረብ ኳስም አለው፤ ተጫዋቾቹ ወለል ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ፤ የወንዶቹ መረብ ከፍታ 1.15 ሜትር ብቻ ነው። ስፔሻል ኦሎምፒክስ ሌላ ነው። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸውን ጨምሮ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች የተቋቋመ ነው። ፓራሊምፒክ ከሁሉ የላቀውን ይፈልጋል፤ ይህኛው ደግሞ እያንዳንዱን ከእኩያው ጋር ያሰልፋል።

ያቋቋመችው ዩኒስ ኬኔዲ ሽራይቨር ናት፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመስከረም 1956 ዓ.ም. ዋሽንግተን ሲገቡ የተቀበሏቸው የፕሬዚዳንት ኬኔዲ እህት። ሌላዋ እህታቸው ሮዝሜሪ የአእምሮ እድገት ውስንነት ነበረባት። የመጀመሪያው ጨዋታ ቺካጎ ውስጥ ሐምሌ 13 ቀን 1960 ዓ.ም. ተካሄደ፤ የተወዳደሩት አንድ ሺህ ያህል ናቸው። ከሦስት ወር በኋላ ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ ማራቶን ስላሸነፈ የዚያን ዘመን ኦሎምፒክ እኛ የምናስታውሰው በእሱ ነው፤ ቺካጎን የሰማ አገራችን ውስጥ ስንት ሰው እንደነበር እንጃ። ዛሬ ኢትዮጵያም የራሷ ስፔሻል ኦሎምፒክስ አላት።

አሁን ሜዳው ላይ እንቁም። የመጀመሪያው ፈተና በጣት ማቀበል ነው። ስፖርተኛው ከመረቡ 2 ሜትር፣ ከጎን መስመሩ 4.5 ሜትር ርቆ ይቆማል። ከኋላው ሜዳ አንድ ወርዋሪ ኳሷን ከታች ወደ ላይ ይልክለታል። እሱ በግንባሩ ፊት በተከፈቱ ጣቶቹ ተቀብሎ፣ ሳይዛትና በመዳፉ ሳይጠፈጥፋት፣ መረቡ ዳር ለቆመው ተቀባይ ያሻግራል። ከራሱ በላይ አንድ ሜትር ከወጣች 1 ነጥብ፣ ከመረቡ ከፍታ በላይ ከወጣች 3 ነጥብ። ከያዛት ወይም ኳሷ ከራሱ በታች ከሄደች ባዶ።

እዚህ ላይ ዓይኔ የሚያርፈው ስፖርተኛው ላይ ሳይሆን ወርዋሪው ላይ ነው። ውርወራው ዝቅ ካለ ልጁ ጎንበስ ይላል፣ ጣቱ ይጨፈለቃል፣ ባዶ ይመዘገብበታል፤ ጥፋቱ ግን የእሱ አይደለም። ደንቡ ይህን ስለሚያውቅ ውርወራው ከተበላሸ ይደገማል ይላል። ዐሥር ጊዜ አንድ ዓይነት ኳስ መወርወር ቀላል የመሰለው ካለ ጎረቤቱ ሜዳ ሄዶ ይሞክረው። ስድስተኛው ላይ እጅ ይዝላል፣ ስምንተኛው ላይ ሐሳብ ይበተናል። የቦዩ ዳር ልጅ ያን ሁሉ ጊዜ ሲሠራ የነበረው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው መለጋት ነው፤ እኔ በጣም የምወደውም እሱን ነው፣ ምክንያቱም ዳኝነቱን መሬቱ ራሱ ይሰጣል። ከመረቡ ማዶ ያለው 9 ሜትር ሜዳ በሁለት መስመር ሦስት እኩል ቦታ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ 3 ሜትር። ኳሷ መረቡ ሥር ባለው ካረፈች 1፣ መሐል 3፣ መጨረሻው ላይ 5 ነጥብ። መስመር ከነካች ከፍተኛው ይያዝለታል። አንድ ልጅ ዐሥር ለግቶ አራቱን መረብ ቢይዛቸው፣ ሦስቱ ቅርቡ ላይ፣ ሁለቱ መሐል፣ አንዷ መጨረሻው ላይ ብታርፍ 14 ነጥብ አለው። ከክረምት በኋላ መረብ የሚይዛቸው ሁለት ብቻ ሆነው፣ ሦስት ቅርብ፣ ሦስት መሐል፣ ሁለት ጥግ ቢያሳርፍ 22 ይሆናል። "ተሻሽሏል" ብሎ ለእናቱ ከመንገር 14 እና 22 የተጻፉበትን ወረቀት መስጠት ይሻላል። ስለ እንዲህ ዓይነት ልጅ በየትምህርት ቤቱ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የማይችለው ነው።

ሦስተኛው በክንድ ማቀበል ነው። ልጁ ከኋላ ሜዳ፣ መጀመሪያ በቀኝ ቀጥሎ በግራ ቆሞ፣ እጆቹን አጣምሮ በክንዱ ያነሳታል፤ እዚህም የኳሷ ከፍታ ይታያል። የሦስቱ ፈተና ድምር የመጨረሻ ውጤቱ ነው።

ነጥቡ ከመያዙ ይልቅ ከባዱ ማን ከማን ጋር ይወዳደር የሚለው ነው። ስፖርተኞቹ በዕድሜ፣ በጾታ፣ በመጨረሻም በችሎታ ይመደባሉ። ለዚህም ከውድድሩ በፊት መለያ ሙከራ ይደረጋል። በአንድ ምድብ ውስጥ በላይኛውና በታችኛው መካከል ያለው ልዩነት ከ15 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ምድቡም ከ3 እስከ 8 ሰው ይይዛል። ብልጥ አሰልጣኝ ልጁን በሙከራው ዕለት "ቀስ በል" ብሎ ዝቅተኛ ምድብ ሊያስገባው ያምረዋል፤ ደንቡ ይህንንም ቀድሞ አስቦበታል፤ ባለው አቅም በእውነት ያልተወዳደረ ስፖርተኛ ከውድድር ሊወጣ ይችላል። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ሜዳሊያ፣ ከአራተኛ እስከ ስምንተኛ ሪባን ይሰጣል። ለስምንተኛ ሪባን መስጠት ማባበል ነው የሚሉ አሉ። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር፤ ምድቡ እንዴት እንደሚወጣ ካየሁ በኋላ ተውኩት፤ ስምንተኛውና አንደኛው በጥቂት ነጥብ ብቻ ነው የሚለያዩት።

ይህ ሁሉ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር ምን አገናኘው? ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች ስፖርትን በቅርብ ያውቁታል። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ጠዋት ቢወጡ እየሮጠ የማያልፍ ሰው ማግኘት ይቸግራል፤ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ ያሠራውም እዚያ ነው። የሰበታ የእግር ኳስ ክለብ ፕሪሚየር ሊግ ድረስ ዘልቆ ነበር። ከቡራዩ የአምቦን መንገድ ይዞ በሆለታ በኩል የሚጓዝ ሰው ደግሞ የኢትዮጵያን የወንዶች መረብ ኳስ ለዓመታት ሲመራ ወደኖረው ወደ ሙገር ሲሚንቶ ክለብ አገር ይደርሳል። መረብ ኳስ እዚህ እንግዳ አይደለም።

ዕቃውም አያስቸግርም። ኖራ፣ ሜትር፣ ሁለት ሦስት ኳስ፣ ገመድ። መደበኛዋ ኳስ ከ260 እስከ 280 ግራም ትመዝናለች፤ ክንዱ የሚቀላበት ልጅ ካለ ደንቡ ከ226 ግራም ያልበለጠች ቀላል ኳስ ይፈቅዳል። ሱሉልታ ላይ ግን ነፋሱን አስቡበት፤ ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ቀላል ኳስ መላክ ላባ እንደመላክ ነው። ውድድሩ ጠዋት ይሁን።

አንድ የማልስማማበት አጠቃቀም አለ። የግል ክህሎት ውድድር የተሰናዳው ለጀማሪ ነው፤ ልጁ ሲጎለብት ወደ ቡድን እንዲሻገር። ቀጥሎ የመለጊያው መስመር እስከ 4.5 ሜትር ድረስ ወደ መረቡ የሚጠጋበት የተሻሻለ የቡድን ጨዋታ አለ፤ ከዚያ ሙሉው ጨዋታ አለ፤ ውስንነት ያለባቸው ሦስቱና የሌለባቸው ሦስቱ በአንድ ቡድን የሚሰለፉበት የተቀናጀ ጨዋታም አለ። ጎበዝ ለጊ የሆነን ልጅ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ብቻውን ዐሥር ኳስ እያስለጉ ማቆየት ከቦዩ ዳር አንስቶ ኖራ መስመር ላይ ማቆም ነው፤ ያው ብቻውን ነው።

የስፖርት መምህር ከሆኑ ሜዳውን በሦስት ሦስት ሜትር ለማስመር ግማሽ ሰዓት ይበቃዎታል፤ ወርዋሪውን ግን ቀደም ብለው ያሠልጥኑ። ወላጅ ከሆኑ ደግሞ ይህን ይወቁ፦ ለመወዳደር 8 ዓመት መሙላት በቂ ነው፤ የላይኛው ዕድሜ ገደብ የለውም፤ ስፖርተኛው የሚከፍለውም የለም።