ድምፅ ሲሻክር ጥፋቱ ከወዴት ነው?

በምሥራቅ ወለጋ፥ ከነቀምት በስተ ሰሜን በምትገኘው በጊዳ አያና ከተማ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከሥራ መልስ በቤቱ የአንድ ሽማግሌን ጌረርሳ ቀዳ እንበል። ጌረርሳ በጀግንነት ስሜት የሚዜም ነውና ድምፁ በድንገት ከፍ ይላል። ሽማግሌው ከተሸኙ በኋላ የመጨረሻው ማስተካከያ፥ ማለት ማስተሪንግ፥ ሲጀመር ከፍ ያለው ቦታ ሁሉ ሻከረ። ጥፋተኛው ማን ነው?

ብዙ ሰው ወዲያው በስፒከሩ ይፈርዳል። ነገር ግን ምስክር ሳይሰሙ መፍረድ አይገባም።

አንደኛ፥ ጥራቱን የምታውቁትን ሌላ ዜማ በዚያው መሣሪያ አሰሙ። ከጠራ መሣሪያው ነጻ ነው፤ ጥፋቱ በቅጂው ላይ ነው። ሁለተኛ፥ ያም ከሻከረ ከኮምፒዩተሩ ላይ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። በዚህ ከጠራ ጥፋቱ በማጉያው፥ በገመዱ ወይም በስፒከሩ ነው። ሦስተኛ፥ የሚሻክረው አንዱ ወገን ብቻ ከሆነ ማጉያውን አጥፍታችሁ የግራና የቀኝ ስፒከሮችን ቦታ አለዋውጡ። ጥፋቱ ስፒከሩን ተከትሎ ከሄደ ስፒከሩ ታሟል፤ በቀድሞው ወገን ከቀረ ገመዱን ወይም ማጉያውን መርምሩ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አትለውጡ።

ሳያቋርጥ የሚያጉረመርም ድምፅ ግን ሌላ ነገር ነው። ያገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳልና ጉርምርምታው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከኃይል መስመሩ ነው። ይህን ለማስቀረት ብሎ የመሬት ገመድን መቁረጥ ለሕይወት ያሰጋል።

ጥፋቱ በቅጂው ከሆነ የድምፁን ማዕበል በኮምፒዩተሩ ላይ አጉልታችሁ ተመልከቱ። ጫፉ በመቀስ እንደ ተቆረጠ ደልዳላ ከሆነ ድምፁ ከጣሪያው አልፏል ማለት ነው። በዲጂታል ቅጂ ጣሪያው 0 ዴሲቤል ነው። የተቆረጠው በማስተካከያው ጊዜ ብቻ ከሆነ ወደ ዋናው ቅጂ ተመልሳችሁ እንደገና ጀምሩ። ዋናው ራሱ ከተቆረጠ ግን ድምፁን ዝቅ ማድረግ ሻካራውን ዝቅ ያደርገዋል እንጂ አያጠራውም።

ስለዚህ ከመቅዳታችሁ በፊት ባለዜማውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲያሰሙ ለምኗቸው፤ መለኪያውም ከጣሪያው 10 ዴሲቤል ያኽል ዝቅ ብሎ እንዲቀር አድርጉ። በ24 ቢት ሲቀዳ ይህን ያኽል ቦታ መተው ጥራቱን አይጎዳም።

ስፒከር ቢበላሽ ይጠገናል። የአረጋዊ ድምፅ ግን ሁለተኛ ላይገኝ ይችላል።