ከትል እስከ ሰው ሳንባ፦ የማይክሮ አር ኤን ኤ ነገር

የሳንባ ካንሰርን ያህል ብዙ ሰው የሚገድል የካንሰር ዓይነት የለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 1.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተውበታል። ዋናው ችግር ዘግይቶ መታወቁ ነው፤ ሳሉ ሲበረታና አክታው ደም ሲቀላቅል በሽታው ብዙውን ጊዜ ከሳንባ አልፎ ተሰራጭቷል። ተመራማሪዎች ማይክሮ አር ኤን ኤ ላይ ዓይናቸውን የጣሉት አንድም ለዚህ ነው።

ሕዋስ ፕሮቲን የሚሠራው ከዲ ኤን ኤ የተቀዳውን መልእክት አንብቦ ነው። መልእክቱን የሚያደርሰው መልእክተኛ አር ኤን ኤ ይባላል። 22 ያህል ፊደላት ብቻ ያሏት ማይክሮ አር ኤን ኤ ከዚህ መልእክት ጋር ትጣበቅና እንዳይነበብ ወይም እንዲበጣጠስ ታደርጋለች። አንዷ ብቻ ብዙ ጂኖችን መቆጣጠር ትችላለች።

ቪክቶር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን እ.ኤ.አ. በ1993 ይህን አሠራር ያገኙት አንድ ሚሊ ሜትር በምታህል ትል ውስጥ ነበር። ግኝቱ ለዓመታት የትል ጉዳይ ብቻ መስሎ ቆየ። በ2000 የራቭከን ቡድን «ሌት-7» የተባለችውን ሁለተኛ ማይክሮ አር ኤን ኤ ሲያገኝ ግን፣ እሷው ሰው ውስጥም መኖሯ ታወቀ። ሁለቱ ሳይንቲስቶች በ2024 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ሌት-7ን ከሳንባ ካንሰር ጋር ያገናኙት በ2004 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ናቸው። የሌት-7 መጠን ያነሰባቸው ሕመምተኞች ከቀዶ ሕክምና በኋላ ዕድሜያቸው አጭር ሆኖ አገኙት። በዓመቱ አሜሪካ ውስጥ በተሠራ ጥናት ምክንያቱ ተገለጠ፦ ሌት-7 ሕዋስ እንዲባዛ የሚገፋፉትን «ራስ» የተባሉ ጂኖች የምትይዝ ፍሬን ናት። እሷ ስትጎድል የ«ራስ» ፕሮቲን ይበዛል፤ ሕዋሱም መባዛቱን አያቆምም። «ሚር-21» ደግሞ የተገላቢጦሽ ናት። በሳንባ ካንሰር ውስጥ መጠኗ ይጨምራል፤ ዕጢን የሚከላከሉ ጂኖችንም ዝም ታሰኛለች። ስለዚህ ጥያቄው የትኛዋ በዛች፣ የትኛዋስ አነሰች የሚለው ነው።

ማይክሮ አር ኤን ኤዎች በደም ውስጥ በቀላሉ አለመፍረሳቸው ለምርመራ ተስፋ ሰጥቷል። ሚላኖ ውስጥ ከ4 ሺህ በሚበልጡ ሰዎች ላይ በተካሄደ ጥናት፣ የደም ምርመራው ከሲቲ ስካን ጋር ሲጣመር ማን ቶሎ፣ ማን ዘግይቶ ዳግም መታየት እንዳለበት ለመለየት ረድቷል።

መድኃኒቱ ግን ገና ነው። «ሚር-34» የተባለችውን ማይክሮ አር ኤን ኤ ወደ ሰውነት በማስገባት በካንሰር ሕመምተኞች ላይ የተጀመረ ሙከራ፣ ከሰውነት የመከላከል ሥርዓት ጋር የተያያዘ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት በማስከተሉ በ2016 ተቋርጧል። ሞለኪውሏን ሌላውን ሕዋስ ሳይነኩ ዕጢው ዘንድ ማድረስ እስካሁን ከባድ ፈተና ነው።

እስከዚያው ትልቁ መከላከያ በእጃችን ነው። አብዛኛው የሳንባ ካንሰር ከትንባሆ ጋር የተያያዘ ነውና፣ የሚያጨስ ያቁም፤ ሳሉ ሳምንታት የዘለቀበትም ሐኪም ዘንድ ለመሄድ አይዘግይ።