ስለ ሕንጻና ስለ ቤት ንብረት የሚነገሩ ቃላት ትርጓሜ

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከምግብና ከልብስ ቀጥሎ የሚያስፈልገው መጠለያ መሆኑን የማያውቅ የለም። ቤትን ለመሥራት ድንጋይና እንጨት እንደሚያስፈልግ ሁሉ፥ የተሠራውን ቤት ለመሸጥ፥ ለማከራየትና ለማውረስ ደግሞ የተስተካከለ ቃል ያስፈልጋል። ድንጋይ ያለ ቦታው ቢቀመጥ ግንቡ ይዘማል፤ ቃልም ያለ ቦታው ቢጻፍ ውሉ ይዘማል። የግንቡ መዝመም ቱንቢ ቢጣልበት ወዲያው ይታወቃል፤ የቃሉ መዝመም ግን ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ነገሩ ከዳኛ ፊት ከደረሰ፥ ገንዘቡም ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ውል ለሚጽፉና ለሚመዘግቡ ሹማምንት፥ ኑዛዜ ለሚያጽፉና ለሽምግልና ለሚቀመጡ ካህናት ይጠቅም ዘንድ፥ ስለ ሕንጻና ስለ ቤት ንብረት ከሚነገሩት ቃላት ዋና ዋናዎቹን በየተራ እንገልጻለን።

አስቀድሞ ሕንጻ የሚለው ቃል ሐነጸ ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ መሆኑን ሊቃውንት ያውቁታል፤ ትርጓሜውም መሥራት፥ መገንባት ማለት ነው። ቤት ማደሪያነቱን ሲያመለክት፥ ሕንጻ ግን የተሠራውን ሥራ ራሱን ያመለክታል። ስለዚህ መጋዘንም ሆነ ትምህርት ቤት፥ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ጽሕፈት ቤት ሁሉ ሕንጻ ይባላል። ግድግዳና ግንብም እንዲሁ አንድ አይደሉም። ግንብ በድንጋይ የተገነባ ነው፤ ግድግዳ ግን ከእንጨትም ከጭቃም ከብሎኬትም ቢሠራ ያው ግድግዳ ነው። እንግዲህ የውርስ ንብረት የሚዘረዝር ጸሐፊ «አንድ ቤት» ብሎ ከሚያልፍ ይልቅ፥ ግድግዳው ከምን፥ ወለሉ ከምን፥ ክዳኑም ከምን እንደ ተሠራ ቢጽፍ፥ ግምቱ የተስተካከለ ይሆናል፤ በወራሾችም መካከል ጠብ አይነሣም።

አባቶቻችን ያወረሱን የጭቃ ቤት የራሱ ቃላት አሉት። ወደ ምድር ተቀብረው የሚቆሙት እንጨቶች ቋሚ ይባላሉ፤ በቋሚዎቹ ላይ ተጋድመው የሚታሰሩት ማገር ይባላሉ፤ በመካከል ቆሞ ጣራውን የሚሸከመው ምሰሶ ነው። ከጭድ ጋራ ተረግጦ የቦካው ጭቃ ሲለጠፍበት ምርጊት ይባላል። የዚህ ቤት ጠላቱ እርጥበትና ምስጥ ናቸው፤ ሁለቱም ሥራቸውን የሚጀምሩት ቋሚው ከምድር በሚገናኝበት ስፍራ ነው። ስለዚህ ከድንጋይ የተሠራ መሠረት ያለው የጭቃ ቤት መሠረት ከሌለው ይልቅ ዕድሜው እጅግ ይረዝማል፤ ጣራውም በሰፊው ወደ ውጭ ቢወጣ ዝናሙን ከግድግዳው ያርቃል።

በዘመናዊው ሥራ ደግሞ ግንበኞቻችን ከውጭ አገር ቋንቋ የወሰዱአቸው ብዙ ቃላት አሉ። መሐንዲስና ፎቅ የሚሉት ከዐረብኛ የመጡ ናቸው፤ አርማታ፥ ፌሮ፥ ብሎኬት፥ ኮርኒስና ሊሾ የሚሉት ግን ከኢጣልያንኛ የተወሰዱ ናቸው። ፌሮ ብረት ማለት ነው፤ ሊሾም ለስላሳ ማለት ሲሆን፥ በእኛ ዘንድ በሲሚንቶ ተለስልሶ ለተሠራ ወለል ስም ሆኖአል። አርማታ የሚለው «የታጠቀ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ በውስጡ ብረት የታጠቀ የሲሚንቶ፥ የአሸዋና የጠጠር ድብልቅ ማለት ነው። ብረቱን የሚታጠቅበትም ምክንያት አለው። ይህ ድብልቅ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ሆኖ ክብደትን ቢችልም፥ ሲስቡት ወይም ሲያጎብጡት ግን ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ብረት ግን መሳብን ይችላል። በሁለት ዐምዶች ላይ የተጋደመ አርማታ ከላይ ሸክም በመጣበት ጊዜ መካከሉ ወደ ታች ይጎብጣል፤ የሚሳበውም የታችኛው ወገኑ ነው። ስለዚህ ዋናው ብረት በዚያ በኩል ይቀመጣል። ብረቱን የቀነሰ ወይም ያለ ቦታው ያስቀመጠ ሠራተኛ ጥፋቱ ከልስኑ በታች ተሰውሮ ይቀራል፤ የሚገለጠውም ሸክም በመጣ ቀን ነው።

ደግሞም ብዙ ሰዎች ሲሚንቶ በፀሐይ ደርቆ የሚጠነክር ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውኃ ጋራ ተዋሕዶ ነው። ስለዚህ አርማታ ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውኃ ሊጠጣ ይገባዋል፤ የኃይሉም መጠን በተለመደው አሠራር የሚመዘነው በ28ኛው ቀን ነው። አሠሪው ውኃ ለማጠጣት ቢሰንፍ በውድ ዋጋ የገዛውን ሲሚንቶ ኃይል በከንቱ ያጠፋዋል።

ፎቅ በመቁጠርም ስሕተት ይደርሳል። በሕንጻ ፈቃድ ላይ «ጂ+4» ተብሎ ሲጻፍ ከምድር ጋራ የተካከለው ወለል አንድ፥ በላዩም አራት ፎቅ፥ በጠቅላላው አምስት ወለል ማለት ነው። አንደኛ ፎቅ የሚባለው ከምድሩ ወለል ቀጥሎ ያለው ነው። በውል ላይ ይህ ካልተገለጸ፥ ገዢው ሦስተኛውን ሲያስብ ሻጩ አራተኛውን ሊያስረክበው ይችላል።

ከሕንጻው ወደ ንብረቱ ስንመለስ፥ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ርስት የሚለው ቃል ነው። በቀድሞው ሥርዓት ርስት ከአባት ከእናት በትውልድ የሚወረስ የመሬት መብት ነበረ፤ ጉልት ግን ከመሬቱ ላይ ግብር የመቀበል መብት እንጂ የመሬቱ ርስትነት አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት፥ በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ትርፍ ቤት የሚለው ቃልም የተለመደው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው፤ አንድ ሰው ከሚኖርበት ቤት በላይ ያለው ማለት ነው። ከተወረሱትም ቤቶች የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ ስለ ተሰጡ የቀበሌ ቤት ተባሉ።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በ40ኛው አንቀጽ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፥ እንደማይሸጥም እንደማይለወጥም ደንግጎአል። እንግዲህ ሰው ዛሬ በቤቱ ባለቤት፥ በመሬቱ ግን ባለይዞታ ይባላል። ይዞታ በመሬቱ የመጠቀም መብት ነው። ሊዝ የሚባለው ደግሞ መሬቱን ከመንግሥት በተወሰነ ዋጋ ለተወሰነ ዘመን መያዝ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት የተወሰነው ዘመን 99 ዓመት ነው። ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘው ነባር ይዞታ ይባላል። ሕዝቡ ካርታ ብሎ የሚጠራው ወረቀትም የዚህ ይዞታ ማረጋገጫ ነው።

ይህንን ልዩነት ያልተረዳ ጸሐፊ የሚያደርሰውን ጉዳት በምሳሌ እንመልከት። አንድ ሽማግሌ አርባ ዓመት በቀበሌ ቤት ተከራይቶ ኖሮ፥ በሞቱ ጊዜ የንስሓ አባቱን ጠርቶ «ርስቴን ለታናሿ ልጄ» ብሎ ቢናዘዝ፥ ጸሐፊውም ሳይጠይቅ ቢጽፍለት፥ ልጅቱ የምትወርሰው ቤት የለም። የተከራየ ሰው የራሱ ያልሆነውን ማውረስ አይችልምና። ታናሺቱ ግን ኑዛዜውን አምና ሌላውን ድርሻዋን ለወንድሞችዋ ትታ እንደ ሆነ፥ ከሁለቱም ሳትሆን ትቀራለች። ይህ ሁሉ የሚመጣው አንዲት ጥያቄ፥ ማለት «ቤቱ የማን ነው?» የምትለው፥ በጊዜዋ ባለመጠየቋ ነው።

ስለ ውል የሚነገሩትም ቃላት እንዲሁ ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሹም ዘንድ እንዲደረግ በቁጥር 1723 ደንግጎአል። ቀብድና የመጀመሪያ ክፍያም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያ ክፍያ የዋጋው ከፊል ነው፤ ቀብድ ግን የውሉ ማጽኛ ነው፤ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፥ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። መያዣ ሲባል ባለዕዳው በቤቱ እየኖረ ቤቱ ለዕዳው ዋስትና ይሆናል፤ ወለድ አገድ ሲባል ግን አበዳሪው ንብረቱን ተረክቦ በፍሬው ይጠቀማል። መያዣ ሊያደርግ አስቦ ወለድ አገድ የፈረመ ሰው ከቤቱ ይወጣል።

በጋራ ሕንጻ፥ ኮንዶሚኒየም በሚባለው፥ የሚኖር ሰው ደግሞ ሁለት ዓይነት ንብረት እንዳለው ይወቅ። በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 370 መሠረት ክፍሉ የብቻው ነው፤ ደረጃው፥ ጣራውና ግቢው ግን የሁሉም የጋራ ነው። ስለዚህ በምድሩ ወለል ያለው ሰው «የጣራው ማፍሰስ እኔን አይነካኝም» ሊል አይገባውም፤ ለጋራው ወጪ ድርሻውን መክፈል አለበትና።

በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እያሉ አባቶቻችን መናገራቸው እውነት ነው። ነገር ግን ያለ ትርጓሜው የተጻፈ ቃል ለልጅ የሚያወርሰው ክርክርን ነው። ስለዚህ ብዕር የያዘ ሁሉ፥ ሹምም ቢሆን ካህንም ቢሆን፥ ከመጻፉ አስቀድሞ ቤቱ የማን እንደ ሆነ፥ መሬቱ በምን ሥርዓት እንደ ተያዘ፥ ውሉም ሽያጭ ወይስ መያዣ መሆኑን ይጠይቅ፤ የጻፈውንም ለፈራሚው በሚገባው ቋንቋ ያንብብለት። ግንበኛ ድንጋዩን ከማስቀመጡ በፊት ቱንቢውንና ውኃ ልኩን እንደሚመለከት፥ ጸሐፊም ቃሉን ከማስቀመጡ በፊት ትርጓሜውን ቢመለከት፥ ብዙ ድኻ ከቤቱ ሳይነቀል ይኖራል።